ባለካውያው አላቃጠለም

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ፣ የንባብ ክበባችንም ሰብሳቢ፤

መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በማንበቤ ከንባብ ክበብ አባረሩኝ። ይህን ከሰላምታው ማስቀደሜ ከስድነት ሳይሆን ሰላምታው ሲረዝም ጉዳዩ እንዳይሸፈን ብዬ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ወደ ሰላምታው እመለሳለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ዓይንዎ እንደምን ሰነበተ? በንባብ ብዛት የማያደክሙት ዓይን ስለሆነ ረዥም ዘመን እንደሚያገለግልዎ አልጠራጠርም፤ ከልብ የምመኝልዎም ይህንኑ ነው።

ደብዳቤው በአደባባይ የሚነበብ እንደመሆኑ እኔንም እርስዎንም የማያውቅ ሰው ግራ እንዳይጋባ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ ከውሃ መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣሁ ቧንቧ ቀባሪ ነኝ፤ የትምህርት ቤት ግቢ የረገጥኩትም ቧንቧ ልቀብር ብቻ ነው። ክበባችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከንባብ አዳራሹ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ይሰበሰባል። አባላቱ ዘጠኝ ነን፤ ነበርን ማለት ይሻላል። ባለፈው ዓመት አንድ ወፍራም፣ ከማተሚያ ቤት ገና የወጣ ልቦለድ በስጦታ መጣልን። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ዘጠኝ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን «ተራ በተራ እናንብበው» ይል ነበር። እርስዎ ግን ምላጭ አውጥተው ጀርባውን ሰነጠቁና መጽሐፉን ዘጠኝ ቦታ ከፍለው፣ እያንዳንዱን በሲባጎ አስረው እንደ ራሽን ዳቦ አደሉን። ሕጉም ይህ ነበር፤ ሁሉም የደረሰውን ክፍል ብቻ ያነባል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ ለሌሎቹ ይተርካል፣ የሌላውን ክፍል አምጣ ማለት ግን «ባልደረባን አለማመን» ስለሆነ ክልክል ነው። አሠራሩ ከበላይ መሥሪያ ቤት ምስጋና አስገኝቶልዎታል። መጽሐፉ እንደ እስረኛ በሲባጎ ተጠፍሮ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ፎቶ ሲነሣ እኔም ከኋላ ቆሜ ነበር፤ ፎቶው ላይ ፊቱን ያኮሳተረ ሽማግሌ ካዩ እኔ ነኝ።

ልቦለዱ የሚያወራው ስለ አንድ ትልቅ ልብስ ስፌት ቤት ነው። የቤቱ ጌታ ባሏ የሞተባት ብርቱ ሴት ናት። ታናሽ ወንድም አላት፤ ሥራው መልበስና መታየት ነው። ከሠራተኞቹ መካከል ደግሞ ደራሲው ስም እንኳን ያልሰጠው፣ ሁሉም «ባለካውያው» የሚለው ልብስ የሚተኩስ ሰው አለ። አንድ ዝናባማ ምሽት ስፌት ቤቱ ይቃጠላል፤ ቁልፍ የምትተክለው ልጅም እሳቱ ውስጥ ቀርታ ትሞታለች። በማግስቱ ፍርስራሹ ሲነሣ የከሰል ካውያው መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ሰፈሩ በአንድ አፍ «ባለካውያው ነው፤ ካውያውን ከነፍሙ ረስቶት ሄዶ ነው» ይላል። ሰውየው ቃል ሳይተነፍስ ጓዙን ተሸክሞ ከከተማው ይወጣል፣ መጽሐፉም ያልቃል። ደራሲው «አቃጣዩ እገሌ ነው» ብሎ በጣቱ አይጠቁምም። ለሚያነብ ሰው ግን በቂ ነገር አስቀምጧል፤ ችግሩ ያስቀመጠው በተለያየ ሲባጎ መታሰሩ ነው።

ከዚያ እርስዎ ለቤተ መጻሕፍቱ የምሥረታ በዓል ባለካውያውን ችሎት እናቅርበው የሚል ሐሳብ አመጡ። ጡረታ የወጡት ዳኛችን ከፊት ተቀመጡ፣ እጅ ወጣ፣ ባለካውያው በቸልተኝነት ነፍስ አጥፍቷል ተባለ። ሥዕሉም ካውያውን ጨብጦ እሳት መሃል እንደቆመ በንባብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንዲሳል፣ ከሥሩም «በክበቡ አባላት ሙሉ ድምፅ የተፈረደበት» ተብሎ እንዲጻፍ ተወሰነ። እኔ እጄን አላወጣሁም። በኋላ የምዘረዝረው አንድ ምስማር ትዝ ብሎኝ ነበርና ነገሩን ለማጣራት የሁሉንም ክፍል ለምኜ ሰብስቤ አነበብኩ። በዚህ የተነሣ «የሌሎችን ድርሻ በማንበብ የክበቡን ሥርዓት ጥሷል» ተብሎ ተጻፈብኝ፤ ከክበቡም ከንባብ አዳራሹም ታገድኩ። ፍርዱ ላይ ከፈረምኩ፣ ሙሉ ድምፁም በኔ ፊርማ ከሞላ፣ ይቅርታ ተደርጎልኝ እገባለሁ። ዘበኛው በሩ ላይ ሲያቆመኝ ከኔ ይልቅ እሱ አፈረ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያነብ አውቃለሁ። ቁጥር ያለውን ያነባል ማለቴ አይደለም።

አንደኛ፤ ክስ የሆነብኝ ንባብ። ክፍሎቹን ሰርቄ አልወሰድኩም፤ እንደ ሰው ደጅ አንኳኩቼ ነው የጠየቅሁት። ፀጉር አስተካካዩ ወዳጄ የሱን ከመስተዋቱ ጀርባ መዝዞ ሰጠኝ፤ በየገጹ መካከል የደንበኛ ፀጉር ነበረበት። ፋርማሲስቷ «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ» ተብሎ በተጻፈበት የመድኃኒት ከረጢት ከትታ ሰጠችኝ። የተከበሩት ዳኛ ግራ ቀኙን አይተው «እንካ፣ ግን አልሰጠሁህም» አሉኝ። የእርስዎን ድርሻ ደግሞ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ጸሐፊዎ ከመደርደሪያው አወረደችልኝ፤ እባክዎ እንዳይቆጧት፣ አቧራውን ሳይቀር ጠርጋ ነው የሰጠችኝ።

ሁለተኛ፤ የባለካውያው ንጽሕና። ይህ ረዘም ይላል፤ ቅዳሜ ዕለት እንዳነበው ስላልተፈቀደልኝ እዚህ አነበዋለሁ።

ሁለተኛው ክፍል የፀጉር አስተካካዩ ነበር። እዚያ ላይ ባለካውያው ሥራ ሲያበቃ ፍሙን ግቢ ውስጥ ያለ የአሸዋ ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚደፋ፣ ባዶውን ካውያ በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ እንደሚሰቅል፣ ከደጅ ተመልሶም አንዴ እንደገና ነካ እንደሚያደርገው ይነገራል። ሠራተኞቹ «ሚስትህ ናት እንዴ? ደህና እደሪ በላት እንጂ!» እያሉ ይሳለቁበታል። ወዳጄ ሲያወራ አንደበቱ ማር ነውና ያን ቅዳሜ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ሳቅንና ረሳነው። ምስማሩን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ካውያው ጠረጴዛ ላይ ተገኘ በተባለ ጊዜ ግን ማንም «ማን አወረደው?» አላለም። የደረሰኝ ክፍል የመጨረሻው፣ ፍርስራሹ የሚነሣበት ነበር። እሱን ብቻ ይዤ ብቀር እኔም እንደ ሰዉ እጄን አወጣ ነበር፤ ይህን አልክድም።

ሰባተኛው ክፍል የፋርማሲስቷ ነው። በዚያው ምሽት፣ ስፌት ቤቱ መቃጠሉ ገና ሳይሰማ፣ ታናሽ ወንድምየው ግብዣ ላይ ይገኛል። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ውሏል፤ የእንግዳው ሁሉ ሱሪ ጭቃ ነክሶታል። የእሱ ሱሪ መስመር ግን ሽንኩርት ይከትፋል። አንዲት ሴት «በዚህ ዝናብ ማን ተኮሰልህ?» ስትለው «የገዛ እጄ» ይላታል፤ እሷም ሳቅ ብላ እጁን ትስመዋለች። ፋርማሲስቷ የተረከችልን መሳሙን ነው። አልፈርድባትም፤ መሳሙ ጥሩ መሳም ነው፣ አሳምራ ነው የተረከችው።

አምስተኛው ክፍል የእርስዎ ነበር። ተራዎ ሲደርስ ተነሥተው «የኔ ክፍል ዝናብ ብቻ ነው፤ ይዘንባል፣ ይዘንባል፣ ያበቃል» ብለው ተቀመጡ። አጭር ስለሆነ አጨበጨብንልዎ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የሚከተለው አለ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትነሣ ባለካውያውን ጃንጥላ እንዲይዝላት ትጠራዋለች። ሰውየው ፍሙን አሸዋው ውስጥ ደፍቶ፣ ካውያውን ሰቅሎ፣ እንደልማዱ ተመልሶ ነክቶት አብሯት ይወጣል። ደጁ ላይ ወንድምየውን ያገኙታል፤ ኮቱን ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በስብሶ ይገባል። ገና መንገዱን ሳይሻገሩ ከውስጥ ድምፁ ይሰማቸዋል፤ ቁልፍ ተካይዋን «አንቺ፣ እስቲ ፍም ብጤ አምጪልኝ!» ይላታል። ከዚያ ወዲያ በእርግጥ ዝናብ ነው።

እንግዲህ የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ካውያ እግር አውጥቶ ከምስማር አይወርድም። ይህን ለመገንዘብ የልብስ ተኩስ ዕውቀት አያሻም፤ እኔ ካውያ ጨብጬ አላውቅም፣ ሸሚዜን ያየ ይመሰክርልኛል። ዳኛ መሆንም አያሻም። የሚያሻው ሁለተኛውን፣ አምስተኛውንና ሰባተኛውን ክፍል ያነበበ አንድ ራስ ነው፤ እርስዎ ግን ሦስቱን ለሦስት ራስ አካፍለው፣ ሦስቱም እንዳይገናኙ ሕግ አወጡ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳዋው ሲመታ እጅ አውጥቶ ማጨብጨብ ግን የክበባችን የራሱ ፈጠራ ነው።

ሌላም አለ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ታውቃለች። ድምፁን ሰምታለች፤ ጃንጥላውን የያዘላት ሰው ጎኗ ነበር። ሰፈሩ ተሰብስቦ በሰውየው ላይ ሲጮህ እሷ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጓንቷን እያወለቀች ታጠልቃለች። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ያቺ ሴት እኛ ባቆምነው ችሎት በምስክርነት እንኳ አልተጠራችም፤ ወንበር ያላቸው ሰዎች አይጠሩም መሰለኝ።

ሦስተኛ፤ ዝምታ። የተከበሩት ዳኛ ፍርዱን ሲሰጡ «ንጹሕ ቢሆን ኖሮ አፉን ይከፍት ነበር» አሉ። የሰፈሩን ስብሰባ የሚተርከውን ምዕራፍ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ዳቦ ጋጋሪው ስለ ባለካውያው ይናገራል። ጎረቤቷ ትናገራለች። አብረውት የሠሩት፣ በምስማሩ የሳቁበት ሳይቀሩ ይናገራሉ። ሰውየው እዚያው መሃላቸው ቆሟል። አንድም ሰው ዞር ብሎ «አንተስ ምን ትላለህ?» አላለውም። ያልተጠየቀ ሰው ዝም ሲል ምን እንደ መለሰ ተቆጥሮ ነው የሚፈረድበት?

ይህ በልቦለድ ብቻ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ክፍሎቹን በብብቴ ይዤ ስገባ አጀንዳው ተቀይሮ ጠበቀኝ፤ አጀንዳው እኔ ነኝ። እርስዎ ዳኛውን ጠየቁ፣ ዳኛው ፋርማሲስቷን፣ እሷ ደግሞ ፀጉር አስተካካዩን። «እሳቸው እኮ ከድሮም እንዲህ ናቸው» ተባለ። «ዕድሜም አለ» ተባለ። እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ሲባጎው እጄን እየቆረጠኝ ጠበቅሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

አራተኛ፤ ሠዓሊው ባለካውያውን ያስጨበጠው የኤሌክትሪክ ካውያ ነው። ሽቦው ሁሉ ተስሏል።

አምስተኛው ስለ ወንበሬ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ሰው ስለ ወንበር ሲከራከር አያምርበትም፤ እሱን ለእርስዎ ትቻለሁ።

እንድፈርም ያልመከረኝ የለም። እርስዎ ትከሻዬን ይዘው «አባቴ፣ ልቦለድ እኮ ነው! የሌለ ሰው እኮ ነው!» ብለውኛል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንገቴ ላይ አድርጎ «አባ ድርቅ፣ እኔም ልቤ ካንተ ጋር ነው፤ እጄ ነው የወጣብኝ» አለኝ። አባ ድርቅ ክበቡ ያወጣልኝ ስም ነው፤ ለምጄዋለሁ፣ እጄን ከማስወጣት ስም ማውጣት ይቀላቸዋል። ከሁሉም የከበደኝ የልጄ ነገር ነው። ከታገድኩ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ቤቷ ውስጥ እየዞርኩ ያልተበላሸ ቧንቧ እፈታለሁ። ትናንት ወጥ ቤቱ ውስጥ ውሃ ስታጠራቅም ቆየችና «አባዬ፣ ሰውየው እንደሁ የለም። አንተ ግን አለህ። ፈርምና ግባ፣ እኔም በቧንቧዬ በሰላም ልጠቀም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የፈታሁትን ቧንቧ መልሼ ገጠምኩላት።

ለእርስዎ ግን መልስ አለኝ። ወደዚያ አዳራሽ መጀመሪያ የገባሁት ከጎኑ ቧንቧ ስንቀብር ዝናብ ሲጥል ለመጠለል ነው፤ ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ፣ ፊደል አልቆጠርኩም። እንዳያስወጡኝ ፈርቼ ከጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንሥቼ ዘረጋሁ። ያኔ መጻሕፍቱን ትጠብቅ የነበረችው ሴት፣ አሁን በሕይወት የለችም፣ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች። ጋዜጣውን ከእጄ ወስዳ ገለበጠችና ቀጥ አድርጋ መልሳ ሰጠችኝ፣ ሄደች። የያዝኩት ተዘቅዝቆ ነበር። በማግስቱም መጣሁ፤ ከጋዜጣው ርዕስና ከሱቅ ሰሌዳ ላይ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩ። እስከታገድኩበት ቀን ድረስ ከዚያ አዳራሽ የቀረሁት ስታመም ብቻ ነው። ምን እንዳሳጡኝ ባያውቁ አልፈርድብዎትም፤ እርስዎ የሚገቡት በሌላ በር ነው።

ስለዚህ «የሌለ ሰው ነው» ሲሉኝ እንዲህ እላለሁ። የሌለ ሰው አያመሰግንም፣ አይበቀልም፣ ነገ በሥልጣን መጥቶ አያስፈራም፣ ዘመድም ልኮ አያስለምንም። በእሱ ላይ በግፍ የሚፈርድ ሰው ምንም አይደርስበትም። እንግዲህ ምንም በማይደርስብን ጊዜ የምንፈርደው ፍርድ ካልሆነ እውነተኛው ፍርዳችን የቱ ነው? ለግድግዳ ማሳመሪያ ሲባል በዚህ ሰው ላይ የሚፈርም እጅ፣ ነገ ለደመወዝ ሲባል በጎረቤቱ ላይ ለመፈረም ብዙ አይለመንም። አልፈርምም። ሙሉ ድምፅዎ ጎዶሎ ሆኖ ይኑር፤ ጎዶሎው እኔ ነኝ።

ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብቀር ነውር ነው። አንድ መጽሐፍ ዘጠኝ ሰው ሳያነበው ማለቅ እንደሚችል ስላሳዩን አመሰግናለሁ። ሽማግሌን ከወንበር ማንሣት ጤና እንደሆነ አስበው ደጅ ለደጅ እንድንሸራሸር ሳይሆን እንድሸራሸር ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። የተከበሩት ዳኛ በጡረታ ዘመናቸው እንኳ ተከሳሽ እንዳይናፍቃቸው ስላሰቡላቸውም እንዲሁ።

መጽሐፉን በዘበኛው በኩል መልሻለሁ። ዘጠኙንም ክፍል በተራ ደርድሬ፣ ከልጄ ወፍራም መርፌ ተውሼ በጫማ ክር ሰፍቼዋለሁ። ጀርባው ጎበጥ ብሏል፣ ስፌቱም አያምርም፤ አንድ ላይ ግን ነው። የአባልነት ካርዴን «ፍም ብጤ አምጪልኝ» የሚለው ቦታ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ መጽሐፉን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ እዚያ እንዲገለጥለት ብዬ ነው። ሲባጎዎቹን ለብቻ ጠቅልያለሁ፤ የመንግሥት ንብረት ናቸው።

ወንበርዎ ይጽና፣ ምላጭዎ አይደንዝ፣ ግድግዳዎም ቀለም አይጣ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ከደጅ የቀረው አንባቢ፣
ቧንቧ ቀባሪ የነበርኩት፣
አባ ድርቅ

ተጨማሪ፤ የእርስዎን ክፍል ሳነብ ያገኘሁትን ነገር ልሰውረው አስቤ ነበር፤ ግን የመሥሪያ ቤት ንብረት ላይ ስላደረግሁት ለውጥ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። ማተሚያ ቤቱ አምስተኛው ክፍል ላይ ጥቂት ገጾችን ሳይቆርጣቸው አልፏል፤ ጠርዝ ለጠርዝ እንደተጣበቁ ነበሩ፣ የሰው ጣት ገብቶባቸው አያውቅም። ከነሱ በፊት ያለው ገጽ በእውነትም ዝናብ ነው፤ ከነሱ በኋላ ያለውም ዝናብ ነው፤ ስለዚህ አልዋሹም። ጃንጥላው፣ ምስማሩና ፍሙ መሃል ላይ ተዘግተው ቀርተው ነበር። መጽሐፉን ዘጠኝ ቦታ የከፈለው ምላጭ እነዚያን ገጾች መክፈት ምነው ታከተው? እኔ በወጥ ቤት ቢላ ከፈትኳቸው፤ ጠርዛቸው ትንሽ ተቦጫጭቋል፣ ካሳ ካለው እከፍላለሁ። ከዛሬ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይም፣ በልጄ ማዕድም፣ በፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይም አንዲት ቃል አልተነፍስም። ቢጠይቁኝም። መጠየቅ የነበረብዎ ቅዳሜ ዕለት ነበር።